ባለቁልፉን መግደል አልተቻለም

ባለፈው ሳምንት ቡሬ፣ የድሮ ጓደኛዬ አንጓች ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ልጇ ቤዛ ስልኳ ላይ አቀርቅራ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናትና ፈተና አስጨንቋት መስሎኝ ጠየቅኋት። ልብ ወለድ ነው አለችኝ፤ በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚለቀቅ። አንዲት ሴት፣ አራት ወንዶች፤ አንደኛው ነፍሰ ገዳይ።

«አንቺ የማንኛው ደጋፊ ነሽ?» አልኳት።

«የነፍሰ ገዳዩ ነኛ፣ አክስቴ! አፍኖ ቢወስዳትም እንዴት አድርጎ እንደሚያያት ብታነቢው…»

ይህን ያህል ዓመት አንብቤ፣ ጽፌ፣ ተከራክሬ፣ ዛሬም እዚያው ነን። ሴት ላይ በር የሚቆልፍ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ለምን ደም ግባት እንደሚጨምር የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ከባህር ማዶ የመጣ የወጣቶች በሽታ ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ይብስ ያናድዱኛል። እኔ የማውቀው የመጀመሪያው በሽተኛ ከሰፈሩ ርቆ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ ነበር።

እኔና አንጓች ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከግሽ ዓባይ፣ እሷ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ገጠር። አባቷ አያ ጥጋቡ ለቅዳሜ ገበያ በርበሬ በአህያ ጭነው ሲመጡ የሳምንት ስንቃችንን፣ በሶውንም ዱቄቱንም፣ ያደርሱልን ነበር። መድረሳቸውን በሩ ሳይንኳኳ እናውቃለን፤ በርበሬው ቀድሞ ያስነጥሰናል።

መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ተፈላጊ መጽሐፍ ሲገባለት ስፌቱን ፈትቶ ይከፋፍለዋል፤ አንዱ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ይከራያል። ተማሪው ወረፋውን ጠብቆ፣ አንዳንዴም ከመሐል ጀምሮ ያነባል። ያን ሰሞን ከተማውን ያመሰው መጽሐፍ ሽፋን አልነበረውም። ተራኪዋ ሴት ናት፤ ሦስት ወንዶች ይፈልጓታል፣ እሷም ሦስቱንም ትፈልጋለች። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ዘፋኝ፣ ሦስተኛው አዳራሹ ውስጥ ቆልፎባት ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ባለጸጋ። እሱን ባለቁልፉ እንለው ነበር። የመጨረሻውን ክፍል የተከራየችው ልጅ ከነቤተሰቧ ቡሬ ስትዛወር ይዛው ሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ ሁለታችንንም ጉንፋን ይዞን፣ እኔ ተኝቼ አንጓች ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ጉንፋን የበርበሬ ሽታ አያውቅም። አያ ጥጋቡ በሩ ላይ ሲደርሱ የሰሙት የገዛ ልጃቸውን ድምፅ ነው፦ «ሦስቱም ያቅፉኛል። ገላዬ የሚርደው ግን ለቆለፈብኝ ነው።»

አልጮኹም። ስንቁን ቀስ ብለው አወረዱና፣ «አንጓች፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። አህያዋ ባዶዋን አትመለስም» አሉ።

ማትሪክ ሊደርስ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ያን ቀን ከሄደች ለባል እንደምትሰጥ ሦስታችንም እናውቃለን። አንጓች አንሶላዋን ዘርግታ ደብተሮቿን መጠቅለል ጀመረች።

«መጽሐፍ ነው፣ አያ ጥጋቡ! ይዩት!» አልኩ ወረቀቱን እያሳየሁ።

«እኔ ማንበብ አልችል፤ ምኑን አያለሁ? እሱን አንብቢልኝ። እሷ ዝም ትበል።»

አነበብኩ። የሚያሳፍረው ቦታ ሲደርስ እያሳልኩ ገጽ እገልጣለሁ።

«ምነው ዘለልሽ?»

«እዚህ ጋ ተቀዷል።»

«ሲቀደድም ደህና ደህናውን ቦታ መርጦ ነው» አሉና መደብ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው የልጅ አባት መሆናቸው ቀርቶ ሽማግሌ ሆኑ። ሦስቱንም ፈላጊዎች እንደ ደንቡ መረመሩ። ሐኪሙ መሬት አለው? የለውም። ዘፋኙ? እሱን ለመጠየቅም አልፈለጉ። ባለቁልፉስ?

«አዳራሽ አለው፣ ፈረስ አለው። ግን ቆልፎባታል እኮ፣ አያ ጥጋቡ!»

«እሱን ሽማግሌ ይመክረዋል፤ ይተዋል። ደህና ሰው ነው። ኋላስ ምን ሆኑ?»

«የቀረው ቡሬ ነው።»

አንጓች ጓዟን ታቅፋ ታየናለች። አያ ጥጋቡ አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «እንግዲያ አስመጡት። ቅዳሜ መጥቼ እሰማለሁ። ልጅቱም እስከዚያው ትቆይ» አሉ።

ከቡሬ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የቀረውን እኔ ጻፍኩ። ይህች ሴት ነፃ ትውጣ ብዬ በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለቁልፉን ከፈረስ ጥዬ ገደልኩት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ሞት ነው። አያ ጥጋቡ ሰምተው ሲጨርሱ ብድግ አሉ።

«በይ ተነሽ፣ አንጓች። ለሞተ ሰው ብዬ አልመላለስም።»

አንጓች እግሬን በእግሯ ረገጠችው።

«ቆይ… አልሞተም» አልኩ። «ራሱን ስቶ ነው።»

ተቀመጡ።

ሐያሲዎች ብዙ ነገር ብለውኛል፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን ማንም አላዋረደኝም። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው፣ ማንጎ በስሎ ገበያውን ሲሞላው፣ ዝናብ ጀምሮ አህያዋ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ስትመጣ፣ የምጠላውን ሰው ሳሳምር ከረምኩ። ቁልፉን ላስጥለው ስሞክር ሽማግሌው ያዛጋሉ፤ ሲቀና ይነቃሉ። አንጓች ጥግ ይዛ ሒሳቧን ትሠራለች። ማትሪክ ተፈተነች፤ አለፈች። ዛሬ ቡሬ የምታስተምረው ያንኑ ሒሳብ ነው። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው እንግዲያ መጽሐፉ አንድ ልጅ አድኗል፣ ምን ያስቆጣሻል ይሉኛል። የሚያስቆጣኝ እሱ ነው። አንዲት ልጅ እንዳይቆለፍባት፣ ሌላዋን ከነቁልፉ ማቆየት ነበረብኝ።

አያ ጥጋቡ አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ዘንድ ነው። ያን ቀንም በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጨዋታችን ጆሯቸው ገባ መሰለኝ፣ ዱላቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ያች ልጅ ግን ማንን አገባች? ሳትነግሪኝ እኮ ቀረሽ።»

አሁን የሚወሰድ ሰው የለም ብዬ የልቤን ተናገርኩ። «ማንንም። በሩን ሰብራ ወጣች፣ ተማረች፣ የራሷን ቤት ሠራች።»

ራሳቸውን ላይ ታች ነቀነቁ። ተረዱኝ ብዬ ልቤ ሞቅ አለ።

«ባለቁልፉስ?»

ቤዛ ከስልኳ ቀና አለች። «እውነት፣ እሱስ ምን ሆነ?»

«ሞተ» አልኩ፣ ሁለቱንም እያየሁ።

የልጅቱ ፊት ጠቆረ። አያ ጥጋቡ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን መታ መታ አደረጉላት።

«አትስሚያት፣ ልጄ። ራሱን ስቶ ነው።»