ሁለት ጣት የሚያስገባ ማሰሪያ

ያን ዕለት በግቢያችን የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ልጄ፣ ከማንኪራ የመጡት የባለቤቴ አጎት፣ ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ፣ እና የሁለት ወር ቡችላችን። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አንድ ቆዳ ሠሪ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ነገሩ በቤታችን ሲወራ እሳቸውን ከነበሩት መካከል የሚቆጥር የለም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ጻፍኳቸው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማው ውሻ በዝቶ ሰው ስለነከሰ፣ ያልታሰረ ውሻ ሁሉ በመርዝ እንደሚገደል በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ቡችላም ቢሆን አንገቱ ላይ ማሰሪያ ካልታየ አይታለፍም ተባለ። ልጄ ይህን ሰምታ ቡችላውን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ዋለች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ውሻ ያስተማረኝ የለም። ግን ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ለሕፃን አንገት እንዴት እንደሚጠነቀቁ አውቃለሁ። የቡችላው አንገት ከልጄ የእጅ አንጓ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሳይታሰር ከተገኘ መርዙ አለ። በማይሆን ነገር ከታሰረ ደግሞ ማሰሪያው ራሱ ይገድለዋል። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

እትዬ ከሱቃቸው ለትልቅ ውሻ የተሠራ ወፍራም ማሰሪያ ከነሰንሰለቱ ይዘው መጡ። ስናጠልቅለት ከክብደቱ የተነሣ የቡችላው አፍንጫ መሬት ነካ። ቀና ለማለት ሲታገል የፊት እግሩ በማሰሪያው ገብቶ ተቀረቀረ። በጣም ሰፊ ነው ስላቸው፣ ለልጅሽ የትምህርት ቤት ሹራብ ሰፋ አድርገሽ አይደለም ወይ የምትገዢው፣ ያድግበታል አሉኝ። ሹራብ አያንቅም ብዬ መለስኩላቸው። ተቀየሙ።

አጎትየው ሳቁብን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ንብ በማርባት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉበትና የሚያወርዱበት ገመድ ከትከሻቸው አይለይም። ከጫፉ ቆረጡና ቡችላውን በቀፎ ቋጠሮ አሰሩት። የቀፎ ቋጠሮ ሸምቀቆ ነው። ክብደት ሲጎትተው ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ ቀፎው ከላይ የማይወድቀውም ለዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ሲጎተት ያንቀዋል» አልኳቸው።

«ይህ ገመድ ስንት ቀፎ ከነማሩ አውርዷል። አንድም ጥሎብኝ አያውቅም።»

«ቀፎ አይተነፍስም እኮ፣ ጋሼ።»

ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተ፣ ሚስትህ ውሻውን ጡት ልታጠባው ነው መሰለኝ።»

ባለቤቴም ከእትዬ ጋር አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ትልቅ ሰው አታሳፍሪ አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ገመዱን ከአጥሩ እንጨት ጋር አሰሩት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ዶሮ ስታልፍ ቡችላው ተወረወረ። ገመዱ መለሰው፣ ቋጠሮው ጠበቀ። በፈራ ቁጥር ይጎትታል፣ በጎተተ ቁጥር ይጠብቅበታል። ምላሱ ወጣ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። አጎትየው ሊፈቱት ጎንበስ አሉ፤ ገመዱ ጸጉሩ ውስጥ ሰምጦ ጣታቸው ሊገባ አልቻለም። ባለቤቴ ቢላ ፍለጋ ወደ ቤት ሮጠ። ልጄ አልጮኸችም፤ አፏን ከፍታ ቆማ ቀረች።

ያኔ ሽማግሌው የአጥሩን በር ገፍተው ገቡ። ለአጎትየው በቅሎ የኮርቻ ጠፍር ሠርተው መጥተው ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ቆመው ነበር። ቆዳ ሠሪ የሰው ግቢ አይገባም፤ ልማዱ እንዲያ ነበር። ተንበረከኩ፣ የቆዳ መቁረጫቸውን ጀርባውን ወደ አንገቱ አድርገው በገመዱ ሥር አሾለኩና በጠሱት። ቡችላው አሳለው፣ ከዚያ ተነፈሰ።

ከሁላችንም አፍ መጀመሪያ የወጣው ቃል የእትዬ ነበር።

«እሱን ደግሞ ማን ግባ አለው?»

ሽማግሌው ተነሥተው ወጡና በቀድሞ ቦታቸው ቆሙ። በዚያው ሰሞን በተደረገ ስብሰባ ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲባል እትዬ ከፊት ተቀምጠው አጨብጭበዋል። ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ባለቤቴ ነው።

ቡችላውን አቅፌ ወደ በሩ ሄድኩና፣ አንተ፣ ለዚህ የሚሆን ነገር ትሠራለህ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አዎ፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው አንተ ነበር የምላቸው። ከከረጢታቸው የለሰለሰ የፍየል ቆዳ አወጡ። አንገቱን በክር ለኩ፣ ቆዳውን በወስፌ ብዙ ቦታ በሱ፣ ትንሽ ዘለበት ሰፉበት። አስረውለት ሲያበቁ ጣቴን እንዳስገባ ነገሩኝ።

«ሁለት ጣት ይግባ፣ እሜቴ። አንድ ብቻ ከገባ ያንቀዋል። ሦስት ከገባ መንጋጋውን ያስገባበታል።»

ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ በየገበያው ቀን በጣቴ እንድለካው፣ ሲጠብበት አንድ ቀዳዳ እንዳላላለት፣ ታስሮ ሳለም ብቻውን እንዳልተወው መከሩኝ። ሰንሰለት ሲያድግ ይደርሳል አሉ።

ምሳ ሰጠኋቸው። የሰጠኋቸው ግን በኮባ ቅጠል ነው፤ ሳህናችንን እንዳይነኩት። ቡችላው የልጄን ሳህን በየቀኑ ይልስ ነበር። በእትዬ ስናደድ ይህን የራሴን ሥራ እንዴት እተወዋለሁ?

መርዝ የሚያድሉት ሰዎች ሲመጡ ማሰሪያውን አይተው አለፉ። ውሻው አደገ፣ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ደረሰ፣ አርጅቶ ሞተ። ማሰሪያውን ልጄ አስቀምጣዋለች።

አጎትየው ግን በየበዓሉ፣ ገመዱን በጥሼ ያዳንኩት እኔ ነኝ እያሉ ያወራሉ። ባለቤቴም በመስማማት ራሱን ይነቀንቃል። ባለፈው መስቀል አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ የበጠሱት እርስዎ አይደሉም። ስንት ሰዓት ውጭ ያስቆምናቸው ሰውዬ ናቸው» አልኩ። ባለቤቴ፣ ለአንድ ውሻ ብለሽ በዓሉን አበላሸሽው አለኝ። እኔ የተናገርኩት ስለ ውሻው አልነበረም።

ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ለመኖር ወደ ደካ እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። በዚያ በኩል ያያችኋቸው ካላችሁ፣ በሕይወት መኖራቸውንና ደህና መሆናቸውን እባካችሁ ንገሩኝ።