ለተዝካር የተቀመጠው ማር

ሰዎቹን አስቀድሜ ላስተዋውቅ። አያ ደረሰ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሚስቱ የሞተችበት። ስመኝ፣ የሟቿ ታናሽ እህት፣ ለአንድ የሐሙሲት ሰው የታጨች፣ እስከ ሠርጓ ድረስ ቤቱን ልትይዝለት ከይፋግ የመጣች። አባ ወልዴ፣ የንስሐ አባታችን። እኔ፣ ጢሜ ገና ብቅ ያለ ጎረምሳ። ይህን ታሪክ ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ተናዳ ገባችና ቦርሳዋን ሳታወርድ ድስት ገለጠች።

«ርቦሽ ነው?» አልኋት።

«አይ አባባ፣ ብስጭት ብዬ ነው።»

ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው። ራብና ብስጭት የተለያዩ መሆናቸውን ግን ያስተማረኝ ከወረታ አለፍ ብሎ ያለው መንደራችን ነው።

ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሽምብራው የሚደርስበት ወራት ነበር። አያ ደረሰ ለሚስቱ የሙት ዓመት ተዝካር ጠጅ የሚጣልበት አንድ ገንቦ ማር ገዝቶ ጓዳ አስቀመጠ። ስመኝ አፉን በቆዳ ሸፍና በጠፍር አሰረችው። ጥቂት ሰንብታ ብታየው ቋጠሮው የእሷ አይደለም፤ ማሩም ጎድሏል።

የሙት ማር መስረቅ በእኛ አገር ቀላል ነውር አይደለም። ስመኝ ለጎረቤት ተናገረች። ወሬው ዞሮ ሲመለስ ግን በእሷው ላይ ሆነ። «ቀድማ የጮኸችው እንዳትጠረጠር ነው» አሉ። «ይፋግ ገበያ ስትሄድ ቅሏ ይከብዳል» አሉ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቋርጡ ጀመር። እኔም ባጠገቧ ባለፍሁ ቁጥር ማር ማር ትሸተኝ ነበር።

በመጨረሻ መንደሩን የሚያስተዳድረው ጭቃ ሹም አውጫጭኝ አስጠራ። ሌባው እስኪወጣ መንደሩ ሁሉ ዋርካ ሥር ይቀመጣል፤ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም። ሽምብራው ደርሶ ቆሟል፤ ከብቱን የሚመልስ ጠፍቷል፤ ሰው በንዴት እየተቃጠለ እርስ በርሱ በጎሪጥ ይተያያል። ሁሉም በየተራ ማለ። ሌባ አልወጣም። ቀን በቀን ላይ ተጨመረ። የስመኝ ተራ ሲደርስ ጭቃ ሹሙ፣

«አንቺ፣ ሳትምዪ አስቢበት። ብታምኚ ወደ አገርሽ ከመባረር ሌላ አይደርስብሽም» አላት።

«ያልበላሁትን በላሁ አልልም።»

«ታዲያ ንቦቹ መጥተው መልሰው ወሰዱት በያ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ያን ጊዜ አያ ደረሰ ተነሣ። የሐዘን ጠጉሩን አልተላጨም፤ ጋቢው ከቀብሩ ወዲህ ውኃ አልነካውም።

«ተዋት። የበላሁት እኔ ነኝ።»

«የገዛ ማሩን ሰርቆ አገር ሥራ አስፈታ!» ተብሎ ተሳቀ። አባ ወልዴ አልሳቁም።

«ርቦህ ነበር ወይ ልጄ?»

«አልራበኝም አባ። ከእርሻ ስመለስ ቤቱ ጭር ይልብኛል። አንድ ጣት ስልስ ለቀቅ ያደርገኛል፤ እስክውጠው ድረስ ነው እንጂ። እንደገና እነክራለሁ። ነገሩ ሲወራ አፈርሁ። ሳፍር ደግሞ በላሁ።»

«ስመኝ ስትታማስ?»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተ።

የንስሐ ጾም ያዝዙበታል ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን፣ «ጾም አልጨምርብህም። ዛሬውኑ ወንዝ ውረድና ታጠብ፤ ጠጉርህን ተላጭ፤ ጋቢህን እጠብ። ቤቱ ጭር ሲልብህ ጓዳ አትግባ፤ እኔ ዘንድ ናና ስሟን ጠርተህ አልቅስ» አሉት።

ርብ ወንዝ አብሬው ወርጄ ጀርባውን አሸሁለት። ከዚያ ወዲያ ሲከፋው ወንዙን ተከትሎ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስ ራቱን ልክ ልኩን ይበላል። መንደሩ ግን አላመነውም። «ሊሸፍንላት ነው» አለ፤ «ምን ቢኖራቸው ነው?» አለ።

ለልጄ ይህን ነገርኋት። የከፋው ሰው ይታጠብ፣ ይሂድ፣ ያልቅስ፣ ለሰው ይናገር፤ እህል ለራብ ነው አልኋት። እሷም እንደ አባቷ ተጠራጣሪ ናትና፣

«ለአንድ ገንቦ ማር ይህን ያህል?» አለችኝ።

ማሩማ ትንሹ ነው። ተዝካሩ በጠላ ብቻ ወጣ። ሽምብራችንን ከብት ጨረሰው፤ የሚቀጥለውን ክረምት መንደሩ ሁሉ እህል ሸምቶ በላ። የስመኝ እጮኛ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አፈረሰ፤ እሷም ይፋግ ገባች። አያ ደረሰ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ ይቅርታ ሊጠይቃት ሄደ። በር አልከፈተችለትም።