ከአዋሽ የተሸከምኩት ቅዝቃዜ

ማስተርሴን ክረምት ክረምት እየተመላለስኩ የሠራሁት በሱፐርኮንዳክተር ነው። አንዳንድ ጥቁር፣ ሸክላ መሰል ነገሮች በኃይል ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ሬዚስታንስ፣ ምንም ሳይገታው፣ ያልፍባቸዋል፤ እኔ የጻፍኩት ሬዚስታንሱ መውደቅ ስለሚጀምርበት ነጥብ ነበር። ያውም በወረቀት ብቻ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሳይንሱ «ከፍተኛ ሙቀት» የሚለው ለእነዚህ ነገሮች ከዜሮ በታች መቶ ሰማንያ ዲግሪ ገደማውን ነው። በማስተምርበት ሰመራ፣ ክፍል ውስጥ፣ ላብ በጀርባህ እየወረደ፣ ይህን ስታስረዳ መሳቂያ ነህ። አንድ ቀን በዓይኔ ሳላየው መሞት አልፈልግም ነበር።

አምና ከውጭ የመጣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ከዚያው ነገር የተሠራች፣ ከሳንቲም የማትበልጥ ጥቁር ክብ ሰጠኝ። የቀረኝ ማቀዝቀዣው፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበር። በእሱ አዋሽ ያለ አንድ የከብት አዳቃይ የኮርማ ዘር ያቆይበታል። ለምኜ ለምኜ አንድ ፔርሙዝ ቀዳልኝ።

«ክዳኑን እንዳታጠብቀው፤ ጋዙ ይተንፍስ። ደግሞ ይሄ የላሞቹ ድርሻ ነው፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ» አለኝ።

በማለዳ ወደ ሰመራ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሚሌ ለምሳ ስንወርድ ፔርሙዙን አጠገቤ ተቀምጠው ላልወረዱት የወሎ እናት አደራ ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ደስ ብሏቸው ጠበቁኝ።

«ሻይህ እየጨሰ ሊበርድብህ ነበር ልጄ፤ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁልህ።»

እጄን ሳልዘረጋ ክዳኑ ተፈናጥሮ የአውቶቡሱን ጣሪያ መታ። ሰዉ በነጭ ጭስ ውስጥ እየተጋፋ ወረደ።

«አዑዙ ቢላህ! ምን ዓይነት ሻይ ነው?» አሉ እናትየው፤ ሁሉም ሳቀ። እኔ በግኜ ነበር። ግን በደግነታቸው ላይ እንዴት ይጮሃል? ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬም አልወረደልኝም።

ሰመራ ደርሼ ከሰዓት ክፍል ስገባ ፔርሙዙ ሥር ጉንጭ የማይሞላ ቀርቷል። ተማሪዎቼ ከበቡኝ። ሽቦዎቹን አያያዝኩና ጥቁሯን ነከርኳት። የሬዚስታንሱ መለኪያ ቁጥር ቀስ እያለ ወረደ፤ ከዚያ ድንገት ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። የጻፍኩት ነጥብ እሱ ነበር!

«ዜሮ ሊገባ ነው፣ እዩ!» ብዬ ጮህኩ።

ፈሳሹ ተንተክትኮ አለቀ። ቁጥሩም እዚያው ዓይናችን ሥር ተመልሶ ወጣ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ግን ዜሮ ሲገባ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ ከፊት የቆመች ተማሪ።

ዕድሜዬን የሰጠሁት ነገር ነው። «አላየሁም» አልኳት።

ምንም ሳትጽፍበት ደብተሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።