ፈሰሱን ወሰን ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው እቀመጣለሁ፤ ስለ ምላሴ፣ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሻርኩት ጾም እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

የመሬት ቀያሽ ነኝ። በሦስት ክልሎች የሙያ ፈቃድ አለኝ። በእኛ ሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ ክልል የሰጠውን ፈቃድ ሌላው እንደ ወረቀት ብቻ ነው የሚያየው፣ እያንዳንዱ የራሱ ሕግና የራሱ ፈተና አለው። ባልደረቦቼ "አራተኛዋን መቼ ልታገባ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ፈቃድ ላሳድስ በሄድኩ ቁጥር ግን የትም ብሄድ የማላመልጠው አንድ ጥያቄ አለ። "በሠሩት ሥራ ላይ ቅሬታ ቀርቦብዎት ያውቃል?" ይሉኛል። "አያውቅም" እላለሁ። እውነት ነው፣ ቀርቦብኝ አያውቅም። ለምን እንዳልቀረበ የጠየቀኝ ግን የለም።

ነገሩ የሆነው ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ አንድ ቀበሌ። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ከአባቴ ሞፈር ኋላ እየተከተልኩ ነው ያደግሁት። ኮሌጅ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራ ያገኘሁት የገበሬውን ማሳ እየቀየስን ካርታ በምንሰጥበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፣ ጥሩ ሆቴልም ጥሩ መኪናም አላጣሁም። እንደዚያ በጋ ደስ ያለኝ ጊዜ ግን የለም።

ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሰዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በየማሳቸው ጥግ ቆመው ይጠብቁናል። ገብሱ ታጭዶ፣ ስንዴው በየአውድማው ተከምሮ፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ የሰዎቹ ዜማ ከሸለቆው ማዶ ድረስ ይሰማል። እኔ ጭድ ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ይባባል። ገና ጢሜን በወጉ ያልተላጨሁ ልጅ ሳለሁ ሽማግሌው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለኝ ነበር፤ ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ማንም አልነገራቸውም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የት ቤት ብገባ ቆሎና ጠላ ይቀርብልኛል፤ እምቢ ማለት ነውር ነበርና ሆዴ ተነፍቶ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። ያንን ጊዜ እንዲህ መናፈቄ ያሳፍረኛል። የበደልኩበትን ቦታ ይህን ያህል መውደድ ይገባኛል?

ያረፍኩት እትየ ጥሩነሽ ቤት ነበር። ባላቸው አያ ውበቱ ከሞቱ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸዋል፣ አንድ ልጃቸው ይርጋ ነው ሞፈሩን የያዘው። እትየ ጥሩነሽ ማታ ስመለስ እምቢ እያልኳቸው ሙቅ ውሃ አቅርበው እግሬን ያጥቡኝ ነበር። "እናትህ ሩቅ ናት፣ እኔ ልጠብህ እንጂ" ይላሉ። ደጋግመው የሚያወሩኝም ስለ ባላቸው ነው።

በዚያ አገር ሞቱ መቅረቡ የተሰማው አባወራ መሬቱን በእግሩ እየዞረ ወሰኑን ለቤተሰቡ ያሳያል። ከማንኛውም ኑዛዜ የሚበልጥ ነገር ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚዋሽ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ የለም። አያ ውበቱም በምርኩዝ፣ በየመሐሉ እየተቀመጡ፣ ሚስታቸውንና ልጃቸውን አስከትለው ዞረዋል። "በየድንጋዩ እጁን እየጫነ ነው ያሳየን፣ የሰው አንዲት ክንድ አልበላሁም ብሎን ነው የሞተ" አሉኝ እትየ ጥሩነሽ። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ አሁንም ይታየኛል።

የእሳቸው ማሳ የተቀየሰው በበጋው መጨረሻ ነው። ላይኛውን ክፍል ከቀበሌው ኮሚቴና ከጎረቤታቸው ከአያ ካሳ ጋር ሆነን በደንብ ዞርነው። ታችኛው ባቄላ የሚዘሩበት መሬት ነው፣ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ላይ ይደርሳል። ፀሐዩ በርትቷል፣ የኮሚቴው ሽማግሌዎች ደክሟቸዋል። እኔ ደግሞ በማግስቱ ከወገዳ የሚነሳው መኪና እንዳያመልጠኝ ሐሳቤ እሱ ላይ ነበር። መካነ ኢየሱስ የምትጠብቀኝ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ሚስቴ ናት። ሽማግሌ ልልክ የተቀጠረው ለዚያ እሑድ ነው።

"የታችኛውን ከፎቶው ላይ አየዋለሁ፣ ወርዳችሁ አትድከሙ" አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ መረቁኝም።

ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ በእጄ ነው። ከአያ ካሳ ማሳ ጋር የሚያዋስነው ትክክለኛው ወሰን ጠባብ የሣር ድንበር ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን የወንዙ ዳር ዛፎች ጥላ ሸፍኖታል። ከእሱ ወዲህ፣ በእትየ ጥሩነሽ መሬት መሐል፣ ጥቁር ሆኖ ጥርት ብሎ የሚታይ መስመር አለ። እሱን ወሰን ብዬ አሰመርኩ።

ሳላውቅ አሰመርኩ ብል ደስ ባለኝ። አውቄያለሁ። መስመሩ ሰያፍ ነበር። ወሰን እንደዚያ አይሄድም፤ እንደዚያ የሚሄደው ፈሰስ ነው፣ ገበሬ የክረምቱ ጎርፍ ዘሩን እንዳያጥብበት በማሳው ላይ በሰያፍ የሚያወጣው የውሃ መውረጃ። ፈሰስ በየዓመቱ ቦታው ይቀየራል፤ ፎቶው በተነሳበት ዓመት የነበረው በእኔ ጊዜ ታርሶ ጠፍቷል። የከተማ ልጅ ቢሆን ይሳሳት ይሆናል። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ፈሰስ ሲያወጣ በሬ እየመራሁለት አድጌያለሁ። እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ሳለ "ይሄ ፈሰስ ነው" የሚል ነገር በልቤ አልፏል። ወርዶ ማየት ይበቃ ነበር። አልወረድኩም።

ለማረም ዕድል አላጣሁም ነበር እኮ። ካርታው ሕዝቡ አይቶ እንዲያርመው ቀበሌው ግቢ በተለጠፈ ጊዜ እትየ ጥሩነሽ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ማንበብ አይችሉም።

"የቱ ነው የኔ?" አሉኝ።

"ይሄ ነው የእርስዎ" አልኳቸው፣ ጣቴን እየጠቆምኩ።

"ታችኛውም አለበት?"

"አለበት።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ ምን አያለሁ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ።

ያኔ ባርመው ምን እሆን ነበር? አለቃዬ ይቆጣኝ፣ አንድ ጠዋት ወንዙ ድረስ እወርድ ነበር፣ በቃ። እኔ ግን ከሙሽርነት ወሬ ሌላ ጆሮዬ የሚሰማው ነገር አልነበረም።

ካርታው ታትሞ በተሰጠ ማግስት አያ ካሳ እስከተሰመረው ድረስ አረሱ። እሳቸውን አልወቅሳቸውም፤ መንግሥት ለካ ተብለዋል፣ አመኑ። የሰፈሩ ሰው ግን እትየ ጥሩነሽን "አመልክቺ" አላቸው። እኔ ይህን አላውቅም፣ ሥራ ቀይሬ ሌላ ክልል ነበርኩ። አግብቼ፣ ሁለተኛውን ፈቃዴን ይዤ፣ ጫማዬን አሳምሬ ለጥየቃ የተመለስኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

እትየ ጥሩነሽ እንደ ልጅ አቀፉኝ። እራት ከበላን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

"አንተን እግዜር ነው የላከልን። ለካ የሰው መሬት ስንበላ ኖረናል። ውበቱ ገፍቶ ኖሯል፤ ሲሞትም አልተናዘዘው፣ እያሳየን ዋሸን። አንተ ባትለካው ልጄም በዚያው ይኮነን ነበር።"

"ሰዉ አመልክቺ አላለዎትም?" አልኩ።

"ምን ብዬ ላመልክት? የለካው እኮ አንተ ነህ። እኔ እግርህን ያጠብኩህ ልጅ ትዋሸኛለህ? ካሳን ወድቄ ይቅርታ ለመንሁት። እሱም በሰው ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ውበቱን ይቅር አለው።"

አያችሁ? ወይ እኔ ዋሽቻለሁ፣ ወይ በሞታቸው ዋዜማ በየድንጋዩ እጃቸውን የጫኑት ሰው ዋሽተዋል። ሴትዮዋ ከሁለታችን እኔን አመኑ። የሠላሳ ዓመት ባላቸውን ጥለው፣ ቤታቸው የከረመ እንግዳ አመኑ። አገሩ ሁሉ አያ ውበቱን ወሰን ገፊ አላቸው፤ ገበሬ ገበሬን ከዚህ በከፋ ስም አይጠራም።

እኔስ ያን ማታ ምን አልኩ? "እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው" አልኩ። ይህን ከአፌ አወጣሁት። መስመሩን ማስመሬ ስንፍና ነው ይባል፣ ልጅነት ነው ይባል። ያን ማታ ግን ልጅ አልነበርኩም፣ የሚያስቸኩለኝ መኪናም አልነበረም። እውነቱን ብናገር ፈቃዴ ይነጠቃል፣ ስሜ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። የእኔ ስም እንዳይጠፋ የሞተ ሰው ስም ጠፍቶ ይቅር አልኩ። ጠዋት ስንቅ ቋጥረው፣ መርቀው ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ፈቃድ መጣ። እትየ ጥሩነሽ ደግሞ ለባላቸው ነፍስ ብለው ቆብ ጭነው እዚያው አገር ቤተ ልሔም የሚባል ደብር ገቡ፤ አሁን እማሆይ ነው የሚባሉት። ብዙ ጊዜ "ሄጄ እነግራቸዋለሁ" እልና መንገዱ አያስኬድም እላለሁ። አንዳንዴ እውነትም አያስኬድም። ስልክ ግን አለ፤ የይርጋም ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ሰሞን ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ ደስታው ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እማሆይ እኮ ሁልጊዜ ስምዎን ያነሳሉ።"

"ደህና ናቸው?"

"ጉልበታቸውን አመማቸው፣ ስግደቱ በዛባቸው። ተዉ ብንላቸው አይሰሙ። አባቴን 'ማርልኝ' ይላሉ፣ እርስዎን 'ጠብቅልኝ' ይላሉ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

"ምነው፣ በሰላም ነው የደወሉት?"

"በሰላም ነው፣ እንዲያው ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው" አልኩና ዘጋሁት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩም አልላችሁም። አያ ውበቱ የማንንም ወሰን አልገፉም። በምርኩዝ ዞረው ያሳዩት እውነተኛውን ነው፤ የገፋሁት እኔ ነኝ። ይህን አሁን እናንተ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ሚስታቸው ግን ዛሬም አያውቁም፣ በታመመ ጉልበታቸው ይሰግዱላቸዋል።