የኖሪን አሽወርዝ አርብ

ኖሪን አሽወርዝ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ማንቸስተር ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ፈታኝ ሆና ትሠራለች። ሌላው ፈታኝ ሁሉ የሚሸሸው ሥራ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል። «ኖሪን እኮ ትዕግሥተኛ ናት» ይሏታል። ትዕግሥትም አልነበረም፤ መከራከር ስለሚደክማት ነው።

ሁሉም የሚሸሸው ሥራ አብሮ መቀመጥ ነው። ሃይማኖታቸው ከፈተናው ሰዓት ጋር የተጋጨባቸው ተማሪዎች ይህንኑ አስመዝግበው ከሌሎቹ ቀድመው ይፈተናሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንዳይሾልክ፣ ጓደኞቻቸው አዳራሽ ገብተው ለአርፋጅ የሚተወው ግማሽ ሰዓት አልፎ በሩ እስኪዘጋ ድረስ፣ ስልካቸውን አስረክበው ከአንድ ፈታኝ ጋር ይቆያሉ። ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ፈታኟ ከኋላ ከኋላ ትላለች። ኖሪን አብራው ያልተቀመጠችው ተማሪ ማን አለ? ረመዳን የሚጾም ልጅ ፊት መብላት አፍራ ሳንድዊቿን ሳትነካው ወደ ቤቷ የመለሰችበት ጊዜ ብዙ ነው። እሷ ራሷ ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። የልጆቹን ነገር አትመረምርም፤ ክፍሉ ሁልጊዜ ብርዳም መሆኑ ብቻ ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል።

በታኅሣሥ አንድ አርብ የደረሰቻት ተማሪ ሺፍራ ግሉክ ትባላለች፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ቀጭን አይሁዳዊት ናት፤ የምትኖረው ከከተማው ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፕረስትዊች፣ ከወላጆቿ ጋር ነው። የአይሁድ ሰንበት የሚገባው አርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በዚያ አገር ክረምት ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ግድም ነው፤ ከገባ በኋላ ሺፍራ ትራም አትሳፈርም፣ ቦርሳ አትይዝም። ሌሎቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይፈተናሉ፣ ስምንት ተኩል በሩ ይዘጋል፣ እሷም ቀደም ብላ ቤቷ ትገባለች። ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ዕቅድ ነበር።

ስምንት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንዱ ምድር ቤት ውስጥ ዳቦ ሲጠብስ አሳረረና የእሳት ደወል ጮኸ። ሕንጻው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝናብ ላይ ወጣ። ኖሪን ሺፍራን ከክፍል ጓደኞቿ ለማራቅ ብስክሌት ማቆሚያው ጥግ ወስዳ እንደ ጥላ ከፊቷ ቆመች። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው እስኪሄዱ ፈተናው በአንድ ሰዓት ተገፋ። እንግዲህ በሩ የሚዘጋው ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ሰንበት የሚገባውም ያኔ ነው።

ሺፍራ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

ኖሪን የፈተና ክፍሉ ኃላፊ ኒጄል ጋ ደወለች። እሱም እጅግ እንዳዘነ፣ ግን ልጅቷ በሩ ሳይዘጋ ከፈታኝ ዓይን ከወጣች ፈተናዋ እንደሚሰረዝ ነገራት። ኖሪን እዚያ ብርዳም ክፍል ውስጥ እስከ ዘጠኝ ተኩል ብትቀመጥ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያላት የራሷ ቀጠሮ አያልፍባትም ነበር። ልጅቷ ግን ሰንበት ይገባባታል፤ በጨለማ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች።

«ከዓይንሽ እንዳትጠፋ ነው ያልከኝ አይደል?» አለችው። «በቃ፣ አብሬያት እሄዳለሁ።»

«ኧረ ኖሪን፣ እንዲህ ያለ አሠራር እኮ የለንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ጀመርን» ብላ ዘጋችበት። እንደዚህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣ ራሷም ገርሟታል። ድካም ሲበዛ ሰው ፍርሃቱንም ይረሳል መሰለኝ።

ትራሙ ለገና ገበያ በወጣ ሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ኖሪን የልጅቷን ስልክ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ አጥብቃ ይዛ ቆመች፤ ከሁለቱም ጉልበቶቿ የቱ እንደባሰ መለየት አቅቷታል። ሺፍራ አንድ ወጣት ለምና ቦታ አስለቀቀችላትና የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ጠየቀቻት።

ኖሪን ስለ ራሷ ማውራት አትወድም፤ የዚያን ቀን ግን መቀመጧ ነው መሰል አፏ ተፈታ። ባሏ ዴረክ የማስታወስ ችሎታውን ካጣ ቆይቷል፤ የሚኖረው ስቶክፖርት፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ አርብ አርብ ማታ ዓሣና ድንች ጥብስ አብረው ይበላሉ። አሁንም ዓሣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቀርባል፣ እሷም በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ለሌላ ሰው አፉን አይከፍትም። አርብ ቀርታ አታውቅም። ግን ካለፈው ጸደይ ወዲህ ስሟን አይጠራም፣ ቃልም ከአፉ አይወጣም፤ ማን እንደምታጎርሰው የሚያውቅም አይመስላትም።

ሺፍራ ደነገጠች። «ይመለሱ በቃ። ከማንም ጋር ላላወራ ቃል እገባለሁ።»

«አንቺንስ አምንሻለሁ የኔ ቆንጆ። ፈተናሽን ግን ይሰርዙታል፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ልጅቷ «ታዲያ አርብ ማታ አልችልም ብለው አያስመዘግቡም?» አለቻት። «እኛ እኮ እናስመዘግባለን።»

«እናንተማ ሃይማኖት ነው» አለች ኖሪን። «እኔን ደግሞ ማን ጠይቆኝ።»

የግሉክ ቤት ሲደርሱ መብራቱ በርቷል፣ ጠረጴዛው ነጭ ለብሷል። እናትየዋ ክብሪት ይዛ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ኖሪን ሥራዋ ሥራ ነውና ጫማዋን ጠርጋ ማዕድ ቤት ገባች፤ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት እስኪደርስ ከልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ቆመች። ከዚያ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፤ እናትየዋም የሰንበቱን ሻማዎች ለኮሰች። አብራቸው እንድትበላ ለመኗት፤ ሺፍራ ግን ራሷን ነቅንቃ በሩን ከፈተችላት። ሴትየዋ ወዴት እንደምትቸኩል ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

የመልሱ መንገድ አያድርስ ነው። ትራሙ መሀል ከተማ ላይ ተገተረ፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሏት ሄደ። መጦሪያ ቤቱ ስትደርስ የራት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ተንከባካቢዋ ፕሬሽየስ፣ ዴረክን ሁለት ሰው ተራ በተራ ሊያጎርሰው እንደሞከረ፣ አፉን ገጥሞ እምቢ እንዳለ ነገረቻትና ሳህኑን ልታሞቅ ሄደች።

ዴረክ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ፊቱን ወደ መስኮቱ ነበር የሚያደርገው። ኖሪንን ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና፣ በዚያው በድሮው ብስጩ ድምፁ፣

«አረፈድሽ» አላት።

ኖሪን ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ደስታ ይሁን ጸጸት አልለየላትም፤ ብቻ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ጊዜ የምትመጣው ለራሷ ስትል ይመስላት ነበር። ለካ ሰውየው ሲጠብቃት ኖሯል። ዓሣው ሞቆ ሲመጣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አጎረሰችው፤ እሱም ሌላ ቃል ሳይናገር እስከ መጨረሻው በላ።

ሰኞ ጠዋት ኒጄል ለሚቀጥለው አርብ ከሰዓት ሊመድባት ሲደውል፣ አርብ ከቀትር በኋላ ከእንግዲህ እንደማትሠራ ነገረችው። ሰው እንደቸገረው ለመናት፤ እምቢ ስትለውም ምክንያቷን ጠየቃት።

«የእምነት ጉዳይ ነው» አለችው ኖሪን። «መዝግበው።»