ያላጸናኋቸው አሥራ አንድ መዝሙሮች

አባቴ በወጣትነቱ ወላይታ ውስጥ የመዘምራን መሪ ነበር። ወረቀት ላይ ያልሰፈሩ የወላይትኛ መዝሙሮችን በቃሉ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። አብረውት የዘመሩት አልፈዋል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ እንደጀመረው ሲነግረን ደነገጥኩና፣ ፉሪ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት እየነገረኝ እጽፍ ጀመርኩ። በሦስት ሳምንት አሥራ አንድ መዝሙር ጻፍን።

የምጽፈው ሀይሌ ጋርመንት ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን በሠራሁት የመዝሙር መጽሐፍ የስልክ ፕሮግራም ላይ ነበር። ምእመናኑ የሚጠቀሙበትን እንዳላበላሽ ብራንች ከፈትኩ፤ የፕሮግራሙ ሌላ መስመር ነው፣ እንደ ልብ የሚሞከርበት። የጻፉት ነገር እዚያ መስመር ላይ የሚጸናው ግን ኮሚት ሲያደርጉት ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ ጎዶሎ ነገር ማጽናት ያስጠላኛል። አባቴ አንድ ስንኝ አልጥም ብሎት ስለነበር፣ እሱ እስኪስተካከል ብዬ ሁሉንም አቆየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የመዘምራን ኃላፊዋ ደወለች።

«እባክህ ወንድሜ፣ ስልኩ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ብቻ ሆኗል። ነገ ደግሞ ፕሮግራም አለን» አለችኝ።

ፊደሉን ላስተካክል ምእመናኑ ወደሚጠቀሙበት ዋናው ብራንች ስሻገር የአባቴ መዝሙሮች እዚያም ታዩኝ። ተናደድኩ። ኦሪጅናሉ በራሱ ብራንች ተቀምጦ፣ ቅጂው በስህተት የተከተለኝ መሰለኝ። ለውጡን በሙሉ ሰረዝኩ፣ ፊደሉን አስተካክዬ ላክሁ፣ ምሳዬን በላሁ።

ወደ መዝሙሮቹ ብራንች ስመለስ ገጹ ባዶ ነበር። ኮሚት ያልተደረገ ጽሑፍ የየትኛውም ብራንች አይደለም፤ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ በተሻገሩበት ሁሉ አብሮ ይሻገራል። የሰረዝኩት ያንኑ አንዱን ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበትን ሙያ ይህን ያህል አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሑድን ደብቄው ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ የጻፍናቸው መዝሙሮች ጠፉብኝ። እንደገና ትነግረኛለህ?»

አልተቆጣም። ጉሮሮውን ጠራርጎ የመጀመሪያውን ጀመረ፤ ሁለት መስመር ሄደና ቆመ። ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ተነሣ፣ ሦስቴም እዚያው ላይ ቆመ። አፈረ መሰለኝ፣ ጋቢውን ሰበሰበ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብሎ አየና በትሕትና መለሰልኝ፤

«ልጄ ሁሉንም ጽፎታል። እሱን ይጠይቁት።»