ከዱባይ ቶሮንቶ የተዘረጋው ክር

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴ ከሰበታ ተነስታ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ቶሮንቶ ልትማር ሄደች። ዱባይ ላይ አውሮፕላን ልትቀይር ስትል ደወለች፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ።

አያታችን አባባ፣ ዘመድ በበረረ ቁጥር በምድር ሉላቸው ላይ ክር ይዘረጉ ነበር። ከአንዱ ኤርፖርት እስከ ሌላው ለክተው፣ ኪሎ ሜትሩን ለአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍሉታል። መንገደኛው "ደረስኩ" እስኪል ክሩን ማንም አይነካም። እሳቸውም ከበርጩማቸው አይርቁም።

ያን ቀን "ለምሳ ትደርሳለች" አሉን። ምሳ ቀርቦ ቀዘቀዘ፤ ስልኩ ዝም አለ። እንደገና ለኩ፤ ያው ወጣ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ሊያስቁን ብለው "አውሮፕላኑ በአንቱ ክር ታስሮ ነው እንዴ የሚሄደው?" አሉ።

አባባ ከክሩ ዓይናቸውን ሳያነሱ "የተሳሳትኩት እኔ ልሁን፤ እሷ ብቻ ደህና ትሁን" አሉ።

ሊመሽ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ እህቴ "ደረስኩ" አለች። አውሮፕላኑን ነፋስ ከፊት እየገፋ አዘግይቶት፣ ከኤርፖርት ወጥታ ስልክ እስክታገኝም ቆይታ ኖሯል። አባባ መጀመሪያ ክሩን አነሱ። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው "ልጄ" አሉ።

ዘንድሮ አባባ ዐረፉ። እህቴ አርባቸውን አውጥታ ወደ ቶሮንቶ ስትመለስ፣ ሉሉ እንደነበረ ቆሞ በርጩማው ባዶውን ነበር። እኔ ደፍሬ አልነካሁትም። ፊደል ያልቆጠሩት ባለቤታቸው እማማ ግን "ነይ እስቲ፣ ዱባይ የቱ ጋ ነው? ቶሮንቶስ?" አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።

ክሩን ዘረጉና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።